የመተማ ዱር ትሎችና ዘመናቸው

በመተማ ወረዳ ባለችው በሸሕዲ ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖር ገበሬ ትል የሚለው ስም መልካም ነገር አያሳስበውም። ሰኔ ገብቶ መሬቱ ከረካ፣ ሰሊጡም ከበቀለ በኋላ፣ የቡቃያውን ጫፍ በቀጭን ሐር እየሰፋ፣ በሰፋውም መጠለያ ውስጥ ተሸሽጎ ለጋውን ቅጠል እየበላ፣ አዝመራው ሲገፋ ደግሞ አበባውንና ፍሬ የያዘውን ከረጢት እየበሳ የሚገባው ትል የስንቱን ቤተ ሰብ የዓመት ተስፋ እንደቀነሰ፣ በጥጡ ላይ ጓይ ትል፣ በማሽላው ላይ ተምች፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ አፍሪካን ያዳረሰው መጤ ተምች እንዴት እንደተፈራረቁበት የሚያውቅ ሰው፣ ትልን ሁሉ በአንድነት ጠላት ብሎ ቢጠራ አይፈረድበትም። ነቢዩ ኢዮኤልም ተምችን ከአንበጣ፣ ከደጎብያና ከኩብኩባ ጋራ በአንድ ሰልፍ አሰልፎ የመቅሠፍት ሠራዊት አድርጎ አሳይቶናል። እኔም ይህን ፍርሃት ልነቅፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን በዚህ ፍርሃት ተሸፍኖ የቀረ አንድ ታላቅ ጉዳይ አለና እርሱን በአንባቢ ፊት ላቀርብ እወዳለሁ፤ ይኸውም በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ በየዛፉ ቅጠል ላይ ተወልደው የሚያድጉት፣ ሰሊጥንም ጥጥንም የማይነኩት የዱር ትሎች በዓይነት እጅግ የበዙ መሆናቸው፣ ብዛታቸውም በዛፉ ዓይነትና በዘመኑ መፈራረቅ የተወሰነ መሆኑ፣ እኛም ዛሬ ሁለቱንም መሠረቶች ሳናስተውል እያናጋን መገኘታችን ነው።

እዚህ ላይ ትል የምለው የምድር ትልን ወይም የሆድ ትልን አይደለም፤ የቢራቢሮና የእሳት እራት ልጅ የሆነውን፣ ጠጕር ሲያወጣ አባጨጓሬ የምንለውን ቅጠል በሊታ ነው። እናቲቱ ዕንቍላሏን በመረጠችው ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ከዕንቍላሉ የወጣው እጭ ቆዳውን እየለወጠ ሲበላ ሰንብቶ፣ ምንም ወደማይበላበት ወደ ሙሽሬነት ይገባል፤ ከሙሽሬውም ክንፍ ያለው ይወጣል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ስም ያወጡላቸው የዚህ ነገድ ዓይነቶች ከ160 ሺህ ይበልጣሉ፤ ከነዚህ ሁሉ መካከል የሰውን አዝመራ የሚያጠፉት ከጠቅላላው ጋራ ሲተያዩ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት በየዱሩ፣ በየዛፋቸው ላይ የተመደበላቸውን እየበሉ የሚኖሩ ናቸው።

የተመደበላቸው ማለቴ በከንቱ አይደለም። ዛፍ ከበላተኛው ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል፣ ራሱን የሚጠብቀው በቅጠሉና በቅርፊቱ ውስጥ በሚያዘጋጀው ቅመም ነው። አባሎና ወይባ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን ጎምዛዛ ነገር፣ ሊቃውንቱ ታኒን የሚሉትን፣ በቅጠላቸው ያከማቻሉ፤ እኛ በማዕጠንት ጊዜ ደስ የሚያሰኘንን መዓዛ የሚሰጠን የመቀር ዛፍ ዕጣን ለዛፉ ለራሱ የቍስሉ መዝጊያና የጠላቱ መከልከያ ነው፤ ቅንቦ ወይም ጦቢያ የሚባለው ቍጥቋጦም ሲቈረጥ የሚፈስሰው ነጭ ወተቱ ልብን የሚያሰናክል መርዝ አለበት። እንግዲህ አንድ ትል የአንዱን ዛፍ ቅመም የሚያሸንፍበትን ኀይል በብዙ ትውልድ ካገኘ በኋላ፣ ያ ኀይል በሌላው ዛፍ ላይ አይረዳውምና ከዚያው ዛፍ ወይም ከዚያው ዛፍ ዘመዶች ጋራ ተሳስሮ ይቀራል። ኤርሊክና ሬቭን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1964 እ.ኤ.አ. ቢራቢሮዎችንና ልጆቻቸው የሚበሉአቸውን ዕፅዋት አስተያይተው የጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ ይህንኑ ያስረዳል፤ ዕፅዋቱ አዲስ መከላከያ ባበጁ ቍጥር ትሎቹም አዲስ መሻገሪያ እየፈለጉ ሲሄዱ፣ ከረጅም ዘመን በኋላ ሁለቱም ወገኖች በዓይነት በዝተው ተገኙ።

ይህን ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በክረምቱ አጋማሽ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘውን ማንኛውንም ቁርቁራ ቀረብ ብሎ፣ እሾሁን በጥንቃቄ ገለል አድርጎ መመልከት ይበቃል። በቅጠሉ ገጽ ላይ አንዳንድ ጊዜ ቀጭን፣ ጠመዝማዛ፣ ፈዘዝ ያለ መንገድ ይታያል፤ የላዩ ሥጋ ተፍቆ ተበልቶ የታቹ ስስ ቆዳ ብቻ የቀረበት ነው። መንገዱን እስከ መጨረሻው ቢከተሉት፣ ከቅጠሉ መልክ የማይለይ አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋና ከምስር እምብዛም የማይበልጥ ትል ይገኛል፤ በዙሪያውም ጉንዳኖች ይመላለሳሉ፤ አይበሉትም፤ ከጀርባው የሚወጣውን ጣፋጭ ጠብታ እየላሱ ከጠላት ይጠብቁታል። ይህ ትል አድጎ ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ይሆናል። ወገኑ ኑሮው ከቁርቁራና ከቁርቁራ ዘመዶች ጋራ የተቈራኘ ስለሆነ፣ ቁርቁራ በጠፋበት ሜዳ ይህ ቢራቢሮ በሌላ ዛፍ ተዛውሮ ይኖራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

የቅንቦውም ነገር እንዲሁ የሚያስገርም ነው። ከብት የማይደፍረውን፣ ፍየል እንኳ የምትሸሸውን የዚህን ቍጥቋጦ ቅጠል፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር የተሰመረበት፣ ከጀርባው ስድስት ጥቁር ዘንጎች የበቀሉበት ትል በሰላም ተቀምጦ ይበላዋል። መርዙን ሳይፈራ ከመብላቱም በላይ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ያከማቸዋል፤ ስለዚህ ጫፉ ጥቁርና ነጭ የሆነ ብርቱካንማ ክንፍ አውጥቶ ሲበር፣ አንድ ጊዜ ቀምሳው ያስታወከች ወፍ ዳግመኛ አትነካውም። በጉመሮና በዘመዶቹ ላይ ደግሞ ነጫጮቹ ቢራቢሮዎች ይራባሉ፤ ከነዚህ አንዱ ወገን በአፍሪካ ምድር ብዙ ሆኖ ከአገር ወደ አገር የሚሰደድ ነው። በግራሩም ላይ ጭራሮና እሾህ በሐር አያይዞ በሠራው ከረጢት ውስጥ ተሸሽጎ፣ ቤቱን ተሸክሞ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚሄድ ትል አለ። እንግዲህ ቁርቁራውን፣ ጉመሮውን፣ ግራሩን፣ አባሎውን፣ ወይባውን፣ ቅርቅራውን፣ ላሎውን፣ ኩመሩን፣ ዛናውን፣ ድጉግናውን፣ ዳርሌውን፣ መቀሩንና ሽመሉን ደምረን ስናስብ፣ የመተማ ዱር አንድ ዱር መባሉ ለአነጋገር ያህል እንጂ በውስጡ ስንት ልዩ ልዩ ማዕድ እንደተዘረጋ እንረዳለን።

ዛፉ ማዕድ ከሆነ፣ ማዕዱ የሚቀርብበትን ሰዓት የሚወስነው ዘመኑ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን መድበው፣ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀውን እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይን እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይን እስከ ሰኔ 25 ቈጥረውልናል። ይህ አቈጣጠር ለቆላው ዱር የተሰፋ ልብስ ያህል ይስማማዋል። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥል አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ በመፀው ሣሩ ይደርቃል፣ ቅጠሉም ይረግፋል፤ በሐጋይ ዱሩ ራቁቱን ይቆማል፤ በጸደይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰውና ከብት ጥላ በሚሹበት ጊዜ፣ አንዳንዱ ዛፍ ከዝናቡ ቀድሞ፣ ከሥሩ ባስቀመጠው ስንቅ ለጋ ቅጠል ማውጣት ይጀምራል።

መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን በግእዝ ጠብቃ ለዓለም ያቈየች አገር ልጆች ሆነን፣ ሄኖክ ስለዛፎች ያሳሰበንን ችላ ማለታችን ያሳዝነኛል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ምዕራፎች ላይ አንባቢው ቅጠላቸውን የሚያረግፉትን ዛፎች ልብ ብሎ እንዲያይ፣ የማያረግፉትን 14 ዛፎችም ለይቶ እንዲያስተውል ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ ዛሬ በመተማ ብንፈጽመው፣ መቀር፣ ዳርሌ፣ ድጉግናና ዛና ተራቍተው ሳሉ፣ ላሎና ቁርቁራ፣ በወንዝ ዳርም ኩመርና ባምባ ቅጠላቸውን ለብሰው እንደሚቈዩ እናያለን፤ ገርቢም በክረምት ቅጠሉን አርግፎ በበጋ የሚለመልም ሆኖ ይገኛል። በዱሩ ውስጥ በዓይነት ልዩ ልዩ ዛፍ መኖሩ ልዩ ልዩ ቅመም ማለት ብቻ ሳይሆን ልዩ ልዩ የቅጠል ወራትም ማለት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል የዚህ ነገር ምርምር ከተጀመረ ሰንብቷል። በእንግሊዝ አገር ከኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው ዋይተም በተባለ ዱር ውስጥ ፖል ፊኒ የተባለው ሊቅ ባሉጥ የተባለውን ዛፍ ቅጠል ወር በወር እየመረመረ፣ ቅጠሉ በጸደይ ሲፈነዳ ለስላሳና ገንቢ እንደሆነ፣ በጋው ሲገፋ ግን እየጠጠረና በታኒን እየተሞላ እንደሚሄድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አስረዳ፤ ስለዚህም የባሉጥ ትሎች እጅግ የሚበዙት ቡቃያው በፈነዳበት በዚያ አጭር ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት ቀድሞ የተፈለፈለ ትል በባዶ ቅርንጫፍ ላይ በራብ ይሞታል፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የወጣውንም ደንዳና ቅጠል ይጠብቀዋል። በእነርሱ ዘንድ ዱሩን የሚያራቍተው ብርድ፣ በእኛ ዘንድ ድርቅ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ከእኛ ቆላ ጋራ ይበልጥ የሚቀራረበው የኮስታ ሪካ ደረቅ ዱር ነው፤ በዚያ ጓናካስቴ በሚባለው ግዛት ዳንኤል ጃንዘን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአካባቢው ተወላጆች ጋራ ሆኖ ትሎችን ከነሚበሉት ቅጠል እየሰበሰበና እያሳደገ ሲመዘግብ ኖሯል። ከድካሙ የተገኘው ፍሬም የሚበዙት ትሎች የሚበሉት አንድ ወይም ጥቂት ዓይነት ተክል ብቻ እንደሆነ፣ ብዛታቸውም ከረጅሙ በጋ በኋላ ዝናብ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ጐርፍ ሆኖ እንደሚመጣ ነው።

ታዲያ ቅጠል በሌለበት በዚያ ሁሉ ወር ትሉ የት ይሰነብታል? አንዳንዱ ሙሽሬ ሆኖ በአፈርና በረገፈ ቅጠል ሥር የመጀመሪያውን ርጥበት ይጠብቃል። አንዳንዱ በቢራቢሮነቱ ሳይራባ ወራቱን ያሳልፋል፤ አንዳንዱም ርጥብ ወዳለበት አገር ይሰደዳል። ሌላው ወደ ወንዝ ዳር ይሰበሰባል፤ የገንዳ ውሃ፣ የሽንፋና የጓንግ ዳርቻ ዛፎች ከሜዳው ቅጠል መርገፍ በኋላም ለምለም ስለሚቈዩ፣ ለዱሩ ነፍሳት የበጋ መማጸኛ ከተሞች ናቸው። ሁለት ነገሮች ይህን ሥርዓት ሲያፈርሱት አያለሁ። አንደኛው በመፀው መጨረሻ ሣሩ እንደደረቀ፣ ለማር ቈረጣ፣ ለመሬት ምንጠራ ወይም ለአዲስ ሣር ተብሎ የሚለቀቀው እሳት ነው፤ እሳቱ ትልልቁን ዛፍ ለብልቦ ቢያልፈውም፣ በረገፈው ቅጠል ሥር የተኛውን ሙሽሬ አይምረውም። ሁለተኛው የወንዝ ዳር ዛፎችን መቍረጥ ነው፤ ስፋቱ ጥቂት ክንድ የሆነ የወንዝ ዳር ዱር ሲመነጠር የሚጠፋው የዚያ ስፍራ ሕይወት ብቻ ሳይሆን ከሰፊው ሜዳ ተሰብስቦ በዚያ የሚከርመው ጭምር ነው።

ስለ አእዋፍ ሳላነሣ ባልፍ የጉዳዩን እኩሌታ እንደተውሁ ይቈጠራል። በዘመነ ክረምት ውስጥ ሊቃውንቱ በነሐሴ ያለውን አንድ ሰሞን ዕጓለ ቋዓት ብለው፣ የቍራ ጫጩቶች በፈጣሪ ቸርነት የሚመገቡበት ጊዜ አድርገው በመዝሙር ያስቡታል። አባቶቻችን ይህን ከመጽሐፍ ቢያገኙትም፣ በቆላው ዱር ዐይናችንን ከፍተን ብናይ ነገሩ በተግባር እንዲሁ ነው፤ ጥሬ ለቃሚ የምንላት ወፍ እንኳ ጫጩቷን የምታሳድገው ለስላሳና ገንቢ በሆነ ነፍሳት፣ ከሁሉ ይልቅ በትል ነው። በሰሜን አሜሪካ አንዲት ትንሽ ወፍ የአንድ ጎጆ ጫጩቶቿን ለክንፍ እስክታበቃ ድረስ ከ6 ሺህ እስከ 9 ሺህ ትል እንደምታበላ ተቈጥሯል። የእኛም ቆላ አእዋፍ፣ በትሉም ሥጋ ላይ ዕንቍላላቸውን የሚጥሉት ጥቃቅን ተርቦች፣ ኑሮአቸው ከዱሩ ትሎች ጋራ የተያያዘ ነው። ዱሩ ከእርሻው ዳር ሲርቅ እነርሱም ይርቃሉ፤ የሰሊጡ ትል ግን ሰሊጡ እስካለ ድረስ አይርቅም። የዱሩን ትል ማጥፋት የእርሻውን ትል ዘበኛ ማባረር ነው የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዛፎቹ ዕጣ ልመለስ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው ብዙ ቤተ ሰብ ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርዷል፤ ሰሊጥ ዋጋ ባገኘ ጊዜም ሰፋፊ የእርሻ መሬት ለባለሀብቶች ተሰጥቷል። የተራበ ወገን መሬት ማግኘቱን፣ አገርም ከሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ ማግኘቷን የሚቃወም አስተዋይ ሰው የለም። ነገር ግን የዛፎቹ ሁሉ ስም በአንድ ጊዜ ተሰርዞ በስፍራቸው አንድ ተክል ብቻ ሲተካ፣ የትሉ ቍጥር ሳይሆን የትሉ ዓይነት እንደሚጠፋ፣ የሚተርፈውም ያንን አንድ ተክል የሚወድደው እንደሆነ ማወቅ ነበረብን።

የመቀሩ ነገር ከሁሉ የከፋ ነው። በመተማ አካባቢ በኢትዮጵያውያንና በኔዘርላንድ ቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ፣ በዱሩ ውስጥ ወጣት መቀር እንደማይተካ፣ ትልልቆቹም በብዛት እየሞቱ እንደሆነ አሳይቶ፣ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚጠፉ ተንብዮአል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ ያለ ልክ መቈስቈስ፣ ግንዱንም ከውስጥ የሚቦረቡር ጥንዚዛ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መቀር በዓመት ቅጠል የሚለብሰው ለጥቂት የክረምት ወራት ብቻ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ለራሱ ማደጊያ፣ ለአበባው፣ ለዘሩና እኛ በበጋ ለምንቀዳው ዕጣን የሚሆነውን ሁሉ መሥራት አለበት። ከዚህች አጭር ጊዜ ላይ ትሉም ድርሻውን ይወስዳል፤ ይህ ከጥንት የነበረ ነውና ዛፉ ይችለዋል። በቅርፊቱ ላይ ያለ ዕረፍት የሚደጋገመው የቢላዋ ቍስል ሲጨመርበት ግን ስንቁ ያልቃል፤ ያለ ልክ የተቈሰቈሰ መቀር የዘሩ ብዛትም ሆነ የዘሩ ጥራት እንደሚቀንስ በጎረቤታችን በኤርትራ ተጠንቶ ታውቋል። በቅዳሴያችን ጊዜ የሚጤሰው ዕጣን የሚገኘው ከዚህ ዛፍ ሆኖ ሳለ፣ ዕጣኑን እያጠንን ዛፉን መርሳት ለእኛ ለምእመናን የሚገባ አይመስለኝም።

ዛፍ ስንተክልስ ምን እንተክላለን? አረንጓዴ አሻራ የተባለው የተከላ ዘመቻ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ሕዝቡን ለተከላ ያሰልፋል፤ መልካም ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ስንት ተተከለ እንላለን እንጂ ምን ተተከለ ብለን አንጠይቅም። ኒም በቆላ ከተሞቻችን ጥላ ሆኖ የሚሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ባሕር ዛፍም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶና ቤት ሆኖናል። ሆኖም ኒም ከሕንድ ምድር የመጣ፣ በውስጡም ነፍሳት እንዳያድጉ የሚከለክል ቅመም ያለበት ዛፍ ነው። ሳውዝዉድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አገር ዛፎች ስንት ዓይነት ነፍሳት እንደሚመግቡ አስልቶ፣ ከጥንት ጀምሮ በዚያ የኖረው ባሉጥ 284 ሲመግብ፣ በቅርብ ዘመን ከውጭ የገቡት እጅግ ጥቂቶችን ብቻ እንደሚመግቡ አሳይቷል። አንድ ዛፍ ለአንድ አገር ነፍሳት ማዕድ ሊሆን የሚችለው ረጅም ዘመን ከነርሱ ጋራ በመኖሩና በምድሩ ላይ በመብዛቱ ነው። ቅርቅራው፣ ወይባው፣ አባሎው፣ ኩመሩና መቀሩ ይህን ዕድሜ አላቸው፤ ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣው መጤ ዛፍ የለውም።

በቋራ ያለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ተከልሎ፣ 2,666 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሸፍኖ፣ በወሰኑ ማዶ ከሱዳኑ ድንድር ፓርክ ጋራ ይጋጠማልና፣ የቆላው ዱር ሙሉ መልክ ሊታይ የሚችለው በዚያ ነው። ስለ ዝሆኑና ስለ አንበሳው የሚጻፈውን በደስታ አነባለሁ፤ ስለ ትሎቹም የሚጽፍ እንዲነሣ ግን ምኞቴ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይህን አሳስባለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል የሰሊጡን ትል እንደሚያጠኑ ሁሉ፣ በመተማ ዱር ከጸደይ መግቢያ እስከ መፀው መጨረሻ በየትኛው ዛፍ ላይ፣ በየትኛው ወር፣ የትኛው ትል እንደሚገኝ የሚመዘገብበትን ቋሚ መዝገብ ይክፈቱ። የሸሕዲ ትምህርት ቤቶች መምህራን ተማሪዎቻቸውን በክረምቱ መግቢያ ወደ ዱር አውጥተው ቅጠሉን ከነትሉ እንዲያዩ ያድርጉ፤ ለዚህ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ የዛፎቹንም ስም ከዩኒቨርሲቲ ምሁር ይልቅ የእረኛው ልጅ አጥርቶ ያውቀዋል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መሬት ሲሰጥ የወንዝ ዳሩ ዱር እንዳይነካ በውሉ ያጽና፤ ገበሬው ከኅዳር በፊት የእሳት መከላከያ ይክፈት፤ የዕጣን ሠራተኛው ማኅበር የደከመውን መቀር ዓመታት ያሳርፈው፤ የችግኝ ጣቢያዎችም ከመጪው ክረምት ጀምሮ ቅርቅራ፣ ወይባ፣ ኩመርና መቀር ያፍሉ።